በራሱ ወታደር ፊት የቆመ ጳጳስ

በአንድ የቼዝ ጨዋታ ጥቁር ይዤ ነበር። ነጭ ወታደሩን ኢ4 ገፋ (ፊደሉ የሰሌዳውን ዓምድ፣ ቁጥሩ ረድፉን ያመለክታል)፣ እኔ ኢ5፤ እሱ ፈረሱን ኤፍ3 ላይ አወጣ፣ እኔ ሲ6 ላይ። በሦስተኛው ተራ ጳጳሱን ዲ3 ላይ አስቀመጠው፤ ገና ካልተነቃነቀው የዲ2 ወታደር ፊት። እኔ ደግሞ የተዘጋጀሁት ሲ4 ወይም ቢ5 ላይ ለሚወጣ ጳጳስ ብቻ ነበር። ይህን ስህተት አሁኑኑ ካልቀጣሁ ብዬ ተነሳሁ።

ዲ5 ገፋሁ። በላ፤ በንግሥቴ መልሼ በላሁ። ቀጥዬ የኢ5ን ወታደር ወደ ኢ4 ብገፋ ጳጳሱንና ፈረሱን በአንድ ጊዜ አጠቃለሁ። እሱ ረጋ ብሎ ካስል አደረገ፤ ንጉሡን ወደ ጎን አውጥቶ ግንቡን ወደ መሃል አቀረበ። ገፋሁ። ጳጳሱ ኢ4 ላይ ወታደሩን በላ፣ እኔ ጳጳሱን በንግሥቴ በላሁ፣ የነጭ ግንብ ኢ1 ላይ መጣ። ንጉሤ ኢ8፣ ንግሥቴ ኢ4፣ በመካከላቸው ባዶ መንገድ፤ ንግሥቴ ከመስመሩ ብትወጣ ንጉሤ ይጋለጣል። ንግሥቴን በግንብና በጳጳስ ለወጥኩ፤ ከዚያ በኋላ ጨዋታው አልተመለሰልኝም።

ማታ ሰሌዳውን ዘርግቼ ደጋግሜ አየሁት። ዲ5 መግፋቴ ትክክል ነበር። የጎዳኝ ንጉሤ መሃል ላይ እንደቆመ የኢን መስመር መክፈቴ ነው። ኢ4 በገፋሁባት ተራ ጳጳሴን ጂ4 ላይ አውጥቼ ፈረሱን ባስረው (ቢንቀሳቀስ ከኋላው ያለችው ንግሥት ትጋለጣለች)፣ ከዚያም በረጅሙ፣ ማለትም በንግሥቲቱ በኩል ካስል ለማድረግ ብዘጋጅ ምንም አይጎድለኝም ነበር። የሲ1 ጳጳሱ እንደሆነ በዲ2 በኩል መውጫ የለውም፤ የዲ2 ወታደር ታፍኗል። ሳያስፈልገኝ ዕቃ ለመብላት ሮጥኩ እንጂ የጊዜ ብልጫው ቀድሞውንም በእጄ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያልለመድኩት ጳጳስ ሲመጣ ከመመለሴ በፊት የማየው ነገር አለ፦ የትኛውን የራሱን ወታደር ዘጋ? ምንን መጠበቅ ተወ? ቀጥሎ ወዴት ሊሄድ ነው? ሦስተኛውን ለረጅም ጊዜ ችላ ብዬዋለሁ፤ ዋናው ግን እሱ ነው። ዲ3 ላይ የቆመ ጳጳስ ብዙ ጊዜ እዚያ አይቀርም። ሲ3 ይገፋል፣ ጳጳሱ ወደ ሲ2 ያፈገፍጋል፣ ከዚያ ዲ4 ይመጣና ነጭ በስፓኒሽ መክፈቻ (በሦስተኛው ተራ ጳጳሱ ቢ5 ላይ በሚወጣበት) የምናውቀውን ሰፊ መሃል ይይዛል። ስለዚህ የእኔ ዲ5 ጳጳሱ ሲ2 ሳይደርስ መምጣት አለበት። ሲ3 ከተገፋ ደግሞ የነጭ ፈረስ ሲ3 ላይ መውጣት አይችልምና፣ ዲ5 ላይ ያለች ንግሥቴን በቀላሉ አያባርራትም።

ይህን መልስ ሸምድጄ በሲሲሊያን መከላከያ (ጥቁር ለኢ4 በሲ5 በሚመልስበት) ልጠቀምበት ስል ግን አልሠራም። እዚያ በሦስተኛው ተራ ጳጳስን ዲ3 ላይ ማውጣት በአሜሪካዊው ኢንተርናሽናል ማስተር ዳኒ ኮፔክ ስም የሚጠራ፣ የታሰበበት ሥርዓት ነው። ጥቁር ወታደሩን ዲ6 ላይ ስላስቀመጠ ዲ5 መግፋት ሁለተኛ ተራ ያስከፍለዋል፤ ኢ5 ላይም ወታደር የለውምና ጳጳሱንና ፈረሱን ባንዴ የሚያሰጋ የለም። እዚያ ፈረሶቼን አውጥቼ በፍጥነት ካስል አደርጋለሁ፤ መቅጣት የሚባለውን ሐሳብ ጨርሶ ትቼዋለሁ። ነጭ በሁለተኛው ተራ ጳጳሱን ሲ4 ላይ ካወጣው ግን ነገሩ ቀላል ነው፦ ኢ6፣ ቀጥሎም ጳጳሱን እየመታ የሚመጣ ዲ5።

ነጭ ቢ3 ገፍቶ ቢ2 ላይ የሚያወጣውን፣ ከሩቅ የሚያነጣጥረውን ጳጳስም እፈራው ነበር። ፍርሃቱን ያስለቀቀኝ እ.ኤ.አ. በ1970 ቤልግሬድ ላይ፣ ሶቪየት ኅብረት ከቀሪው ዓለም ጋር በተጋጠመችበት ውድድር፣ ዴንማርካዊው ቤንት ላርሰን በቢ3 ከፍቶ በወቅቱ የዓለም ሻምፒዮን በነበረው በቦሪስ ስፓስኪ በ17 ተራ የተሸነፈበት ጨዋታ ነው። የላርሰን ፈረስ ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ተራ ሦስት ጊዜ ተንቀሳቅሶ ተለዋወጠ፤ ስፓስኪ በዚያ ጊዜ ዕቃዎቹን አወጣ፣ በረጅሙ በኩል ካስል አደረገ፣ በመጨረሻም ግንቡን ኤች1 ላይ መስዋዕት አድርጎ በጂ መስመር ላይ ያለውን ወታደር ወደፊት አሳለፈ። ቢ2 ላይ የነበረው ጳጳስ እስከ ፍጻሜው አልተንቀሳቀሰም። ግን ቢ3 መጥፎ ነው ብዬ አልደመድምም፤ አሜሪካዊው ቦቢ ፊሸርም በዚያው ዓመት ተጫውቶበታል። እኔ ከጨዋታው የወሰድኩት፣ ያ ጳጳስ የሚያነጣጥረውን ኢ5 በሲ6 ፈረስ ደግፎ በሰላም ዕቃ ማውጣት እንደሚቻል ነው።

በቅርቡ ያው የዲ3 ጳጳስ በድጋሚ መጣብኝ። ዲ5፣ መበላላት፣ እሱ ካስል። እጄ ወደ ኢ4 ሄዶ ነበር፤ መልሼ ጳጳሴን ጂ4 ላይ አወጣሁ። ግንቡ ኢ1 ላይ ሲመጣ እኔ በረጅሙ በኩል ካስል አድርጌ ነበር፤ የሲ1 ጳጳሱ ጨዋታው እስኪያልቅ ከቤቱ አልወጣም።