የብጉር መድኃኒቴና የወሊድ መቆጣጠሪያው

አገጬ ላይ የሚወጣው ብጉር በቅባት አልለቅ ሲል፣ የቆዳ ሐኪሜ ስፓይሮኖላክቶን 50 ሚሊግራም አዘዘችልኝ። በደም ግፊትና በልብ ድካም መድኃኒትነት ነው የሚታወቀው፤ ሽንት ያሸናል። ግን አንድሮጅን የሚባሉትን የወንድ ሆርሞኖች ሥራ ያግዳል፤ የፊት ወዝ የሚቀንሰው በዚህ ነው።

አብሬ የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን እንድወስድም ነገረችኝ። እናቴ ስትሰማ ደነገጠች። "ሳታገቢ ምን በወጣሽ!" አለች። አልፈረድኩባትም፤ እኛ ቤት ክኒኑ የሚታወቀው በአንድ ሥራው ብቻ ነው። ቁጭ ብዬ አስረዳኋት። ስፓይሮኖላክቶን በእርግዝና ጊዜ ከተወሰደ የወንድ ፅንስን የብልት አፈጣጠር ሊያዛባ ይችላል። ብቻውን ሲሆን የወር አበባንም ያዘበራርቃል። ክኒኑ ዑደቱን ያስተካክላል፣ ብጉሩንም ያግዛል።

ዋናው ነገር የክኒኑ ዓይነት ነው። ድሮስፒረኖን የሚባል ሆርሞን ያለበት ከሆነ እሱም እንደ ስፓይሮኖላክቶን በደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም የሚባል ማዕድን ሊጨምር ይችላል። ፖታሲየም ሲበዛ ደግሞ የልብ ምት ይዛባል። ስለዚህ ለእኔ ሌላ ዓይነት ተመረጠልኝ፤ ኩላሊቴም በደም ምርመራ ታየ። ሲጋራ አጨስ እንደሆነ፣ ማይግሬንና በቤተሰብ የደም መርጋት ይኖር እንደሆነ ሁሉ ሐኪሜ ጠይቃኛለች፤ ኢስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ላለው ክኒን ይህ የግድ ነው።

ለውጡ ወራት ወሰደ። ጠባሳው አሁንም አለ፤ የሚያመኝ ብጉር ግን ቀርቷል።