መብራት ሲጠፋ

ዛሬ ከሰዓት መብራት ጠፋ። የድሬን ሙቀት የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ የከዚራ ዛፍ ጥላ እንኳ አያስጥልም። ቬንትሌተሩ ቀስ እያለ ሲቆም ግን ትዝ ያለኝ ሙቀቱ ሳይሆን የእትዬ ጥያቄ ነው። ባለፈው ሳምንት ከግራ ትከሻቸው በታች ጎበጥ ያለውን ቦታ በጣታቸው እየነኩ፣ "ልጄ፣ መብራት ሲጠፋ ይሄም ይጠፋል?" ብለውኝ ነበር።

"አይጠፋም፣ የራሱ ባትሪ አለው" አልኳቸው።

እትዬ ይሄን የልብ መሣሪያ አዲስ አበባ ሄደው ነው ያስገቡት። ሰው ሁሉ "ባትሪ" ነው የሚለው። ስሙ ነው ያሳሳታቸው። ባትሪ የተቀየረለት ራዲዮ እንደ አዲስ ይጮሃል፤ ልባቸውም እንደዚያ የሚሆን መስሏቸው ኪኒናቸውን ትተዋል። ቁርጭምጭሚታቸውን በአውራ ጣቴ ጫን አደረግኩት። ጎድጉዶ ቀረ።

"የልብ ድካም" የሚለው ስምም አያግዘኝም። ድካም ሲባል አረፍ ቢሉ የሚለቅ ይመስላል። የእሳቸው ልብ ግን ደም የመግፋት አቅሙ ነው የቀነሰው። የገባላቸው መሣሪያ ደግሞ ጡንቻውን አያጠነክርም። ምቱ ለሕይወት በሚያሰጋ ሁኔታ ሲዛባ በኤሌክትሪክ መትቶ ይመልሰዋል፣ በቃ። "እትዬ፣ ይሄ ዘበኛ ነው። በር ይጠብቃል እንጂ ጓዳ ገብቶ አያበስልም" አልኳቸው። ሳቁ። ኪኒኑን፣ ጨው መቀነሱን፣ በየጠዋቱ መመዘኑን እንደገና ከሀ ጀመርን።

"ባትሪው ሲያልቅስ?" አሉ። ከዓመታት በኋላ ሳጥኑ በሙሉ ይቀየራል፤ ከሳጥኑ ወደ ልብ የሚገባው ሽቦ ደህና ከሆነ እዚያው ይቆያል። እንዲበረቱ ብዬ የስዊድናዊውን የአርነ ላርሰንን ነገር አጫወትኳቸው። እ.ኤ.አ. በ1958 የልብ ምት መቆጣጠሪያ ሰውነቱ ውስጥ የተቀበረለት የመጀመሪያው ሰው ነው። የእሱ ዓይነቱ ከእትዬ ይለያል። ያ የመጀመሪያው የሠራው ለሰዓታት ብቻ ነበር። ከዚያ ከ20 በላይ ቀያየረ። የሞተው እ.ኤ.አ. በ2001፣ በ86 ዓመቱ፣ ያውም በሌላ በሽታ ነው።

እትዬ አዳመጡኝና፣ "ታዲያ ሲሞት ምን አደረጉት?" አሉ።

ልጃቸው አላስጨረሳቸውም። "እማዬ፣ ምን ሟርት ነው ይሄ!" እኔም እፎይ ብዬ ከኪሳቸው ስለማይለየው የመሣሪያው መታወቂያ ካርድ ማውራት ቀጠልኩ። የጠየቁት ግን ስለ ሰውዬው አልነበረም። ገብቶኛል።

መልሱ አለኝ። ሰው ሊሞት ሲቃረብ ምቱ ሊዛባ ይችላል፤ ያኔ መሣሪያው ደጋግሞ ሊመታው ይችላል። የቀመሱት ደረት ላይ በእርግጫ እንደመመታት ነው ይላሉ። ያ እንዳይሆን መምቻው አስቀድሞ ሊዘጋ ይችላል። ቀዶ ጥገና የለውም፣ ከውጭ ሆኖ በኮምፒውተር ነው። መዝጋቱ ልብን አያቆምም። ይሄ ሁሉ መወራት ያለበት ግን በሽተኛው ራሱ በአፉ መናገር በሚችልበት ጊዜ ነው።

በእኛ ቤት እንዴት ይወራል? መርዶ እንኳ ጎህ ሳይቀድ ተሰብስበን የምናረዳ ሰዎች ነን። ሞባይል ደረት ኪስ አይግባ፣ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክንድ ከትከሻ በላይ አይነሳ ስል አንደበቴ አይያዝም። እዚህ ላይ ይያዛል።

ቀጠሯቸው በሚቀጥለው ወር ነው። ይዟቸው የሚመጣው ልጃቸው ነው። ውጭ ጠብቀኝ ብዬ ባስወጣው ይደነግጣል። እሱ እያለ ባነሳው ደግሞ እትዬ ለእሱ ሲሉ ዝም ይላሉ። መጀመሪያ ለማን ልንገር?