ካዋሳኪዬን ምን ላይ ላቁማት?

ሞተሬ የ2008 እ.ኤ.አ. ካዋሳኪ ኬኤልአር 650 ናት። ዘይትና ነዳጇ ሲሞላ 196 ኪሎ ትመዝናለች። ከፋብሪካ ይዛ የወጣችው የጎን እግር ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ጎማዋን ከመሬት አያነሳም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን ስወርድ ክብደቷ ትዝም አይለኝ። ካቴና ልቀባ ግቢዬ ውስጥ ብቻዬን ስቆም ግን በሬ የምታገል ይመስለኛል።

መጀመሪያ ያው የሁላችንም ዘዴ፣ የቢራ ሳጥን። ሁለት ሰው ያነሳታል፣ ሦስተኛው ሳጥኑን ከሥር ይሰዳል። አንድ ቅዳሜ የኋላ ጎማውን ብሎን ልፈታ ቁልፉ ላይ ስንጠለጠል ሳጥኑ ቋ አለ። ቀስ ብላ፣ ምንም ሳትቸኩል፣ እኔው ላይ ተኛች። ስፔኪዮው ረገፈ። እኔም ቁርጭምጭሚቴን ይዤ ቁጭ አልኩ። ጎረቤቴ እትዬ በአጥር ብቅ ብለው "አብሽር፣ እሷ ትጠገናለች" አሉኝ።

ቀጥሎ ከአዲስ አበባ የኋላ ስታንድ አስመጣሁ። የኋላ ጎማውን የያዘውን ክንድ ከግራ ከቀኝ ደግፎ፣ እጀታውን ወደ ታች ስትጫነው ብድግ ያደርጋታል። ለካቴና ወደር የለውም፤ ግን ልስን ሲሚንቶ ይፈልጋል። የእኔ ግቢ ድንጋይ ንጣፍ ነው፤ ትንንሾቹ ጎማዎቹ ስንጥቅ ውስጥ እየገቡ አስቸገሩኝ። የፊት ጎማ ደግሞ አያነሳም።

የሃይድሮሊክ ጠረጴዛም አይቻለሁ። ያምራል። ግቢዬ ከገባ ግን እኛ መውጣታችን ነው።

አሁን የምጠቀመው በብሎን እየዞረ እንደ መቀስ የሚከፈተውን ክሪክ ነው። መቀመጫው ጠባብ ስለነበር በያጅ ዘንድ ወስጄ ከሥሩ ሁለት ቱቦላሬ በአግድም አስበየድኩበት። ዋናው ጉዳይ የት እንደሚያርፍ ነው። የኢንጅኑ ሆድ ላይ የዘይት ማፍሰሻው ብሎን አለ፤ እሱ ላይ ከጫንክ ለራስህ ሥራ ጨመርክ። የታች መከላከያ ላሜራውን ፈትቼ፣ ሁለቱ የሻሲ ቱቦዎች ሥር ጣውላ አደርጋለሁ፤ ጣውላው ላይ ያረጀ ከመነዳሪ። ክሪኩን ወደ ፊት ሳስጠጋው የፊት ጎማው ይነሳል፣ ወደ ኋላ ስስበው የኋላው። ጠንካራውን ብሎን ደግሞ መሬት እንደረገጠች ላላ አደርገዋለሁ። እዚያች ቁርጭምጭሚት ላይ የተማርኩት ነው።

እሁድ ዕለት የፊት ጎማውን ኩሽኔታ ብቻዬን ቀየርኩ። እትዬ እንደገና በአጥር ብቅ አሉ። ሞተሯን አላዩም፤ ዓይናቸው እግሬ ላይ ነበር።