አጭሩ ካንዴላ

በጅማ አጂፕ አካባቢ በሚገኝ አንድ ጋራዥ በመካኒክነት ተቀጥሬ በሠራሁባቸው ዓመታት ካጋጠሙኝ ነገሮች ሁሉ፣ እስከ ዛሬ ካንዴላ (ሞተር ውስጥ ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ዕቃ) በነካሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ የአንዲት ባለ 1.3 ሊትር አሮጌ ኮሮላ ጉዳይ ነው።

ወሩ ሐምሌ ነበር። ባለቤቷ፣ በጅማና በአጋሮ መካከል እየተመላለሱ ቡና የሚነግዱ አንድ ሐጂ፣ ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ሲሠራ እንደሚንቀጠቀጥና ጠዋት ጠዋት ለመነሣት እንደሚያስቸግር ነገሩኝ። የጅማ ክረምት ለካንዴላ ገመድ ጠላት ስለሆነ መጀመሪያ የጠረጠርኩት እርጥበትን ነው፤ ገመዶቹንና ኤሌክትሪኩን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን የዲስትሪቢውተር ክዳን አድርቄ ብሞክር ለውጥ ስላላየሁ አራቱንም ካንዴላዎች ፈታሁ። ጫፋቸው የምጣድ ጥላሸት የመሰለ ደረቅ ጥቁር ነበር። ሞተር ጤናማ ሲሆን የካንዴላው ጫፍ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ወይም ግራጫ እንደሚሆን አውቅ ስለነበር፣ ነዳጅ በዝቶበታል ብዬ ነዳጅና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር አስተካከልኩ፤ ከዚያም ከአሮጌዎቹ አንዱን ለናሙና በኪሴ ይዤ እዚያው ጅማ መርካቶ ወደሚገኝ መለዋወጫ መደብር ወረድኩ። ሻጩ በሸክላው ላይ የተጻፈውን አይቶ ያንኑ አወጣልኝ፦ ኤንጂኬ የተባለው ፋብሪካ ቢፒአር5ኤችኤስ። ብልጭታው የሚዘልበትን የጫፋቸውን ክፍተት ለክቼ ገጠምኳቸው፣ ሞተሩም ተረጋጋ፤ ሐጂ መርቀውኝ ሄዱ።

በሦስተኛው ሳምንት ያው መንቀጥቀጥ ይዟቸው ተመለሱ። ካንዴላዎቹ እንደገና ጠቁረዋል። የጋራዡ ኃላፊ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው፣ አንዱን አንሥተው በጣታቸው እያገላበጡ፣ «ስትገዛ ከምን ጋር አመሳከርከው?» አሉኝ።

«ከአሮጌው ጋር ነው ጋሼ።»

«አሮጌውንስ ትክክል ነው ያለህ ማን ነው?»

ቀጭን ሽቦ ወስደው ጫፉን እንደ መንጠቆ አጠፉት፤ ወደ ካንዴላው ቀዳዳ አስገብተው የመጨረሻውን ጥርስ (ካንዴላው የሚጠመዘዝበትን ጠመዝማዛ ቅርጽ) ከሥር ካስያዙት በኋላ፣ ከላይ ካንዴላው የሚያርፍበትን ቦታ በጥፍራቸው ይዘው አወጡና ካሊፐር በሚባለው መለኪያ ላይ አስቀመጡት። 19 ሚሊሜትር ገደማ ሆነ። እኔ የገጠምኩት ካንዴላ ጥርስ ርዝመት ግን 12.7 ነበር። በካንዴላው ሸክላ ላይ ባለው ጽሑፍ ውስጥ «ቢ» የሚለው 14 ሚሊሜትር የጥርስ ውፍረትን፣ «አር» ሬዲዮ እንዳይረበሽ የተገጠመውን ሬዚስተር፣ «5» የሙቀት ደረጃውን ሲያመለክት፣ ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለው ፊደል ርዝመቱን ይናገራል፤ «ኤች» 12.7፣ «ኢ» 19 ነው። ኮሮላዋ የምትፈልገው ቢፒአር5ኢኤስን ነበር። ሁለቱ የሚፈቱበት ቁልፍ አንድ፣ ውፍረታቸው አንድ፣ የሙቀት ደረጃቸውም አንድ ስለሆነ፣ ጎን ለጎን ካላስቀመጧቸው በቀር ዓይን በቀላሉ ይሳሳታል። አጭሩ ሲገባ ብልጭታው በቀዳዳው ውስጥ ተቀብሮ ስለሚቀር ቃጠሎው ይጓደላል፤ ጥላሸቱም የመጣው ከዚህ እንጂ እኔ ከወነጀልኩት ካርቡሬተር አልነበረም።

ይህን ስሰማ ኀፍረቴን ቶሎ ለማጥፋት ሮጬ ረጃጅሞቹን ገዝቼ መጣሁ፤ ትልቁን ጥፋት ያጠፋሁትም ያኔ ነው። የመጀመሪያው ካንዴላ እስከ አጋማሹ በእጄ ገብቶ ቆመ። አጭሩ ካንዴላ ሳይሸፍነው በቀረው 6 ሚሊሜትር በሚሆን ጥርስ ላይ ካርቦን ተጋግሮ እንደ ድንጋይ መጠንከሩን አላሰብኩም፤ ቁልፍ አጥልቄ ገፋሁት። መጀመሪያ ጠበቀ፣ ቀጥሎ ድንገት ላላ። አልሙኒየም ጥርሱ ሲላጥ የሚሰጠውን ያንን ልስላሴ እጁ ላይ የተሰማው መካኒክ አይረሳውም።

ካንዴላዎቹ የሚገቡበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ቴስታታው፣ ወርዶ ቶርኖ ቤት ሄደ፤ ቀዳዳው ሰፍቶ ውስጡ አዲስ ጥርስ ያለው የብረት ቡሽ ተገጠመለት። የቀሩትን የሦስቱን ቀዳዳዎች ጥርስ ጋሼ ራሳቸው ግራሶ በተቀባ የጥርስ ማውጫ፣ ሩብ ዙር ወደፊት አንድ ስምንተኛ ወደኋላ እያሉ ካርቦኑን ጠራርገው አወጡ፤ እኔ አጠገባቸው ቆሜ ግራሶውን እጠርግ ነበር። ካንዴላዎቹን ያሰርነው ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ነው፤ ቀለበቱ እስኪያርፍ በጣት ብቻ፣ ከዚያ በቁልፍ ከግማሽ ዙር ጥቂት አለፍ አድርገን።

መኪናዋን ሲረከቡ ሐጂን ካንዴላው መቼ ተቀይሮ እንደነበር ጠየቅኳቸው። ከገዟት አራት ዓመት እንደሆናትና እኔ እስክቀይረው ድረስ ካንዴላ አስነክተው እንደማያውቁ ነገሩኝ፤ ዳገት የማትወድ መኪና ናት ብለው ተቀብለዋት ኖረዋል። በሳምንቱ ከአጋሮ ሲመለሱ ጋራዡ በር ላይ ቆመው፣ «ልጄ፣ በሁለተኛ ማርሽ የምወጣውን ዳገት በሦስተኛ ወጣሁት» አሉኝ። የካንዴላውን ዋጋ ከፍለዋል። የቶርኖ ቤቱ ሂሳብ ግን በሁለት ወር ከደመወዜ ተቆረጠ፤ እኔም አላጉረመረምኩም።