የመርተር ግራ እጅ

የክፍሌ ማሞቂያ ሌሊቱን ሙሉ ሲያንኳኳ አደረ። ሦስት ጊዜ ይመታል፣ ዝም ይላል፣ ዓይኔ ሊከደን ሲል እንደገና ይጀምራል። እንዲያ እየጮኸ ሙቀት እንኳ አልነበረውም። ብርድ ልብሱ ስስ ነው፤ መስኮቱ አይገጥምም፤ ዝናቡ አያባራም። ለዚህ 58 ፓውንድ ከፍያለሁ፣ ያውም ቁርስ ሳይጨምር። በክረምት ሌሊት እናቴ ቀስ ብላ ገብታ ሁለተኛ ጋቢ ትደርብብን የነበረው ትዝ እያለኝ፣ ካፖርቴን እንደለበስኩ አነጋሁ። ጠዋት ለባለቤቲቱ ስነግራት "አዎ፣ እሱ ማሞቂያ እንደዚያ ያደርጋል" ብላኝ ወደ ሥራዋ ሄደች። ይቅርታ የምትል ቃል ከአፏ አልወጣችም። ይህን ስጽፍ እንኳ ንዴቱ አልበረደልኝም።

ዌልስ ድረስ ያመጣኝ አንድ ቦክሰኛ ነው። ሃዋርድ ዊንስተን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1939 እዚሁ መርተር ቲድፊል ተወለደ፣ በ1968 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፣ በ2000 አረፈ። ስሙን ያወቅኩት ለንደን ውስጥ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ ከገዛሁት የስፖርት መጽሔት ነው። ዊንስተን ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ በአሻንጉሊት ፋብሪካ ተቀጥሮ ሲሠራ፣ ማሽን የቀኝ እጁን የሦስት ጣቶች ጫፍ እንደቆረጠበት እዚያ ላይ አነበብኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን ገጽ ለመግለጥ ብዙ ቆየሁ።

ወንድም ጋሼ ትዝ ብሎኝ ነው። ታላቅ ወንድሜ ቄራ አካባቢ በነበረ የቦክስ ክበብ ይሠለጥን ነበር። እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ጓንቱን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ከኋላው እከተለዋለሁ። አንድ ቀን ከሚሠራበት የእንጨት ሥራ ቤት ቀኝ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ መጣ። መሰንጠቂያው ሁለት ጣቶቹን ወስዶበታል። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ጓንቱን ከምስማር ላይ ሰቀለው፤ ቤቱን እስክንለቅ ድረስ ከዚያ አልወረደም። ስለ ቦክስ እሱም አያነሣም፣ እኛም አናነሣበትም። አሁን ዕድሜው ከሃምሳ አልፏል።

ከለንደን እስከ ካርዲፍ በባቡር ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ተኝቼ ስለመጣሁ ስለ መንገዱ የምለው የለኝም።

ካርዲፍ ላይ በቀጥታ ወደ መርተር አልሄድኩም። ዊንስተን የተጋጠመበትን፣ ኒኒያን ፓርክ የሚባለውን ስታዲየም ቦታ ሳላይ ማለፍ አልፈለግኩም። ስታዲየሙ ፈርሷል፤ የከተማው እግር ኳስ ቡድን በ2009 ከመንገዱ ማዶ ወደ ተሠራ አዲስ ስታዲየም ተዛውሯል። አሮጌው ሜዳ ላይ ቤቶች ተሠርተዋል። ስሙን የያዘችው ትንሽ የባቡር ጣቢያ ግን አለች። በቤቶቹ መካከል ቆሜ ሪንጉ የቱ ጋ ተተክሎ ይሆን እያልኩ ዞርኩ። አንዲት ሴት የልብስ ማጠቢያ ማሽን ከመኪና ለማውረድ ትታገል ስለነበር አገዝኳት። እዚህ ቦታ ላይ ሰኔ 15 ቀን 1967 ምን እንደሆነ ስነግራት ሳቀችና "እኔ መኝታ ቤት ውስጥ?" አለችኝ።

የሆነው ይህ ነው። ዊንስተን የሜክሲኮውን ቪሴንቴ ሳልዲቫርን ለሁለተኛ ጊዜ ገጠመ። ሳልዲቫር የፌዘርዌይት፣ ማለትም እስከ 57 ኪሎ ግራም የሚደርሰው ክብደት የዓለም ሻምፒዮን ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ለንደን ላይ ዊንስተንን በነጥብ አሸንፎታል። በዚህኛው ምሽት ግን ዊንስተን በገዛ አገሩ ሕዝብ ፊት ግጥሚያውን ብዙውን ክፍል መራ። ወደ መጨረሻው ጉልበቱ ከዳው፤ በ14ኛው ዙር ወደቀ፤ ተነሥቶ 15ኛውን ዙር ጨረሰ። በዚያን ጊዜ በብሪታንያ ነጥብ የሚሰጠው ዳኛው ብቻ ነበር። ዳኛው ዎሊ ቶም የሳልዲቫርን እጅ አነሣ። ልዩነቱ ግማሽ ነጥብ ነበር። አሥራ አምስት ዙር፣ አርባ አምስት ደቂቃ ቡጢ፣ ከዚያ ግማሽ ነጥብ! እኔ ብሆን እድሜ ልኬን ያንን ግማሽ ነጥብ ስቆጥር እኖር ነበር።

ከካርዲፍ መርተር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ባቡሩ በሸለቆው ውስጥ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ግራና ቀኝ ኮረብታ፣ በኮረብታው ሥር በረድፍ የተሠሩ የሠራተኛ ቤቶች። ጣቢያ ስደርስ መሽቶ ስለነበር ታክሲ ያዝኩ። አሥራ ስድስት ፓውንድ ከፈልኩ። በማግሥቱ ያንኑ መንገድ በእግሬ ስመለስ አሥራ ሁለት ደቂቃ ፈጀብኝ። መንገድ የማያውቅን እንግዳ ማዞር በየትኛውም አገር ነውር ነው።

የከተማዋ ጠዋት ግን ቂሜን አስረሳኝ። ምልክቱ ሁሉ በሁለት ቋንቋ ነው የተጻፈው። አስፋልቱ ላይ ሳይቀር በትልልቅ ነጭ ፊደል "አራቭ" ይላል፤ በዌልስ ቋንቋ "ቀስ በሉ" ማለት ነው። ከእንግሊዝኛ ጋር ግድግዳ ተጋርቶ የሚኖር ሕዝብ ቋንቋውን በአደባባይ ሲጽፍ ማየት ደስ ይላል። "መርተር" የሚለው ስም ደግሞ ከሰማዕትነት ጋር የተያያዘ ነው፤ ቲድፊል የምትባል የንጉሥ ልጅ እዚህ ለእምነቷ እንደተገደለች ይተረካል። የከተማዋ ዝና የመጣው ግን ከብረት ነው። የመሐንዲሱ የሪቻርድ ትሬቪቲክ የእንፋሎት ባቡር በ1804 ብረት ጭኖ ከፔኒዳረን ተነሥቷል፤ ፔኒዳረን የዚህችው ከተማ ሰፈር ነች።

የዊንስተን ሐውልት የገበያ ማዕከሉ ውስጥ፣ ሰው ዕቃውን ተሸክሞ በሚተላለፍበት ቦታ ላይ ቆሟል። ይህ በጣም ደስ አለኝ። በአጥር አልተከለለም፤ የዳቦ ከረጢት የያዙ ሰዎች ትከሻውን ሊነኩ እስኪቀሩ ድረስ ያልፋሉ። የኔ ዓይን መጀመሪያ የሄደው ወደ ቀኝ እጁ ነበር። አጠገቤ ቆመው ተሽከርካሪ ቅርጫታቸውን የሚያስተካክሉ አዛውንት አዩኝና "ታሪኩን ያወቀ ሁሉ ወደዚያ ነው የሚያየው፤ ያሸነፈው ግን በዚህኛው ነው" ብለው ወደ ግራው ጠቆሙኝ።

ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ኢትዮጵያዊ ለሃዋርድ ብሎ መርተር መጣ ብለው ማመን አቃታቸው። ያለ ብዙ ንግግር ወደ ሻይ ቤት ወሰዱኝና እኔ ኪሴን ሳልነካ ሒሳቡን ከፈሉ። ሻይ፣ ከሻዩ ጋር ምጣድ ላይ የተጋገረ፣ ዘቢብ ያለበት፣ ስኳር የተነሰነሰበት ጠፍጣፋ ቂጣ። ሙቁን ነው የሚበላው። እናቴ ለመንገድ ትጋግርልን ከነበረው ድፎ ዳቦ ጋር መልኩም ጣዕሙም አይገናኝም፤ አሰጣጡ ግን ያው ነበር። አንዱን ሳልጨርስ ሌላውን ወደ ሳህኔ ይገፉታል።

ኒኒያን ፓርክ ያን ምሽት ከአባታቸው ጋር ነበሩ፤ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆነው። ስለ ዊንስተን እጅ ሲነግሩኝ የራሳቸውን ቀኝ እጅ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ሦስቱን ጣቶች ወደ ውስጥ አጠፏቸው። "አሁን ጨብጥ" አሉኝ። እኔም እንደሳቸው አጥፌ ሞከርኩ። ቡጢ አይሆንም፤ አውራ ጣት የሚያርፍበት ያጣል፣ ጉልበት መሐል ላይ ይቀራል። "ጓንት ከገባ በኋላ ማንም አያየውም፤ እሱ ግን ያውቀዋል" አሉ። ከዚያ የሻይ ማንኪያውን በግራቸው ያዙና ወደኔ ወረወሩ፣ መለሱ፣ ወረወሩ፣ መለሱ። የዊንስተን ግራ እንዲህ ነበር፤ አንዴ መትቶ የሚመለስ ሳይሆን ሦስቴ አራቴ በተከታታይ፣ ባላጋራው ዓይኑን ሳይገልጥ። ቀኙ ሙሉ ቢሆን ኖሮ ግራው እንዲህ አይሠለጥንም ነበር ይላሉ አዛውንቱ። በዚህ አልተስማማሁም፤ ማንም ጣቱን አጥቶ አተረፈ ሊባል አይገባም። ዝም ብለው ካሰቡ በኋላ "ልክ ነህ" አሉኝ።

ያ ጣቶቹ የተቆረጡበት ልጅ ነው በ1958 ካርዲፍ ላይ በተካሄደው የእንግሊዝ ግዛቶችና የጋራ ብልጽግና አገሮች ጨዋታ በባንታምዌይት፣ ማለትም ከፌዘርዌይት አንድ ደረጃ ዝቅ ባለው ክብደት የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘው። ዌልስ በራሷ ምድር ባስተናገደችው በዚያ ጨዋታ ያገኘችው ወርቅ እሱ ብቻ ነበር። በማግሥቱ ዓመት ወደ ፕሮፌሽናል ገባ። አሠልጣኙ ኤዲ ቶማስ ራሱ የመርተር ልጅ፣ የድንጋይ ከሰል ሠራተኛ፣ የብሪታንያና የአውሮፓ ሻምፒዮን የነበረ ሰው ነው። የእሱም ሐውልት ከተማው ውስጥ አለ። ዊንስተን የመጀመሪያዎቹን 34 ግጥሚያዎች አልተሸነፈም፤ በ1961 የብሪታንያን፣ በ1963 የአውሮፓን ሻምፒዮንነት ያዘ።

ከኒኒያን ፓርኩ ግጥሚያ አራት ወር በኋላ ሜክሲኮ ሲቲ ሄደ። እዚህ ላይ አዛውንቱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ እኔም ሻዬን አስቀመጥኩ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ላይ ነው ያለችው። የሸለቆ ልጅ በአዝቴካ ስታዲየም፣ በሰው አገር፣ በሰው አየር ለሦስተኛ ጊዜ ሳልዲቫርን ገጠመ። በ12ኛው ዙር ኤዲ ቶማስ ሽንፈቱን ተቀብሎ ፎጣውን ወረወረ። "አየሩ ነው የገደለው፤ ሳንባው ባዶ ነበር" አሉኝ። ምን እንደምመልስ ቸገረኝ። ለእኛ ያ አየር ሌላ ነገር ነው። አንድ ዓመት ቆይቶ በዚያችው ከተማ ማሞ ወልዴ ማራቶኑን አሸንፎ ወርቅ አጥልቋል፤ እኔ ያደግኩት ያን ታሪክ እየሰማሁ፣ ከሜክሲኮ ሲቲ በማይተናነስ ከፍታ ላይ ነው። ስስ አየር ማለት ለእኔ ድል ማለት ነበር። ያው አየር የሌላውን አገር ልጅ ጉልበት እንዴት እንደቀማ ከአንድ የመርተር አዛውንት አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ስለ ማሞ ነገርኳቸው። ስሙን ሁለት ጊዜ አስደግመውኝ በትክክል አሉት።

ሳልዲቫር ከዚያ ግጥሚያ በኋላ ቦክስ ማቆሙን አስታወቀ። ባዶ በቀረው የደብልዩ ቢ ሲ (የዓለም ቦክስ ምክር ቤት) ሻምፒዮንነት ላይ ዊንስተን ጥር 23 ቀን 1968 በለንደኑ ሮያል አልበርት አዳራሽ ጃፓናዊውን ሚትሱኖሪ ሴኪን ገጠመ፤ ሴኪ ዓይኑ አካባቢ ስለተተረተረ ዳኛው በ9ኛው ዙር አስቆመው። ያ ሁሉ ዓመት የተለፋበት ቀበቶ ይህ ነው። አዛውንቱ ግን ይህንን በሁለት ዓረፍተ ነገር አልፈው ወደ ኒኒያን ፓርክ ተመለሱ፤ የሚቆጫቸው ያ ነው። ስለ ሐምሌውም ብዙ አልተናገሩም። ፖርትኮል በምትባል የዌልስ የባሕር ዳርቻ ከተማ ኩባ የተወለደው የስፔን ቦክሰኛ ሆሴ ሌግራ ገና በመጀመሪያው ዙር ጣለው፤ በ5ኛው ዙር ግጥሚያው ቆመ። ስድስት ወር ብቻ ነበር የነገሠው። በ29 ዓመቱ ጓንቱን ሰቀለ፤ 67 ግጥሚያ፣ 61 ድል።

ከሻይ ቤቱ ስንወጣ ዣንጥላቸውን ለሁለታችን ዘረጉት። የሌላውን የመርተር ቦክሰኛ፣ የጆኒ ኦውንን ሐውልት ሳላይ እንድሄድ አልፈለጉም። ጆኒ ቀጭን ስለነበር "የመርተር የክብሪት እንጨት" ይሉታል። በመስከረም 1980 ሎስ አንጀለስ ላይ ከሜክሲኮው ሉፔ ፒንቶር ጋር ለዓለም ሻምፒዮንነት ተጋጥሞ ወደቀ፤ ሳይነቃ በኅዳር አረፈ። ዕድሜው 24 ነበር። ሐውልቱ በ2002 ሲቆም መጋረጃውን የገለጠው ራሱ ፒንቶር ነው፤ የሟቹ አባት ጠርተውት። አዛውንቱ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔም እንደ አገሬ ልማድ ጎንበስ አልኩ።

ወደ ዊንስተን ተመልሰን ለወንድም ጋሼ በቪዲዮ ደወልኩለት። አዲስ አበባ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ከቤት ነው ያነሣው። የት እንዳለሁ አልነገርኩትም ነበር። ስልኩን ወደ ሐውልቱ አዙሬ ስለ ሰውዬው ማንነትና ስለ ጣቶቹ ነገርኩት። ብዙ ጊዜ አልተናገረም፤ ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ" አልኩ።

"አለሁ" አለ። "እስቲ እግሩን አሳየኝ።"

ስልኩን ዝቅ አደረግኩ። አቋቋሙን አየ። ከዚያ የራሱን ስልክ የሆነ ነገር ላይ አስደግፎ ወደ ኋላ ራቀ፤ ግራ እጁን አነሣ፣ ቀኙን፣ ያቺን ሁለት ጣት የጎደላትን፣ አገጩ ሥር አደረጋት። ከሠላሳ ዓመት በላይ እንዲህ ቆሞ አላየሁትም።

"እንዲህ ነው የሚይዘው?" አለኝ።

ለአዛውንቱ ተረጎምኩላቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ ስልኩ ጠጋ አሉና አዩት።

"ግራውን ትንሽ ከፍ ያድርግ" አሉ።

ነገርኩት። ከፍ አደረገው።