ኤች ኢንዴክስ 9

ዛሬ ሐዋሳ ላይ ከላብራቶሪ ባልደረባዬ ጋር ቡና እየጠጣን አንድ ተለማማጅ ስልኩን አውጥቶ «ጋሼ፣ ኤች ኢንዴክስዎ እኮ 9 ደርሷል!» አለው። እያንዳንዳቸው በሌሎች ጥናቶች ቢያንስ 9 ጊዜ የተጠቀሱ 9 ሳይንሳዊ ጽሑፎች አሉት ማለት ነው። ሂርሽ የሚባል የፊዚክስ ሊቅ በ2005 እ.ኤ.አ. ያመጣው የተመራማሪዎች መለኪያ ነው።

ባልደረባዬ ግን ሰዓቱን አይቶ ብድግ አለ። ለካ ካቶ ካትዝ ለሚባለው የሰገራ ምርመራ ስላይድ አዘጋጅቶ ኖሯል፤ ሁክዋርም የሚባለው የአንጀት ትል እንቁላል ብዙ ከቆየ ስላይዱ ላይ ያለው ግሊሰሪን ያጠፋዋል። ዓይኑን ማይክሮስኮፑ ላይ ተክሎ ቆጣሪውን ቀጭ ቀጭ ያደርጋል። ድምሩን በ24 ሲያባዛው በአንድ ግራም ሰገራ ውስጥ ያለው የእንቁላል ብዛት ይወጣል።

ከእንዲህ ያለ ቆጠራ የሚወጣውን ጥናት ከሚጠቅሱት ስንቶቹ ከአብስትራክቱ (ከአጭር ማጠቃለያው) አልፈው እንደሚያነቡ እንጃ። ለማዕረግ እድገት የሚቆጠረው ወረቀቱ ነው፤ እኔ ብሆን ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ስላይዱን ማን እንዳነበበው ነበር።