የተሰረቀብኝን የፊልም ከዘራ እንዴት አስመለስኩ (ሰርተፊኬት የምትወዱ ሰዎች በተለይ አንብቡት)

ፕሮፕ፣ ማለትም ፊልም ላይ ተዋናዮች የሚይዙትን ዕቃ፣ መሰብሰብ የጀመራችሁ ወይ ልትጀምሩ ያሰባችሁ ካላችሁ ይሄን ቀድማችሁ አንብቡ፣ እኔ ስጀምር የነገረኝ ሰው አልነበረም። ሁሉም የሚላችሁ «ሰርተፊኬት (ዕቃው እውነተኛ ነው የሚል ወረቀት) ያለውን ግዛ» ነው። እኔ ደግሞ ሰርተፊኬቱን ወዲያ አድርጉትና ዕቃውን እዩ ነው የምለው። የራሴ ዕቃ ተሰርቆ፣ የሐሰት ወረቀት ተለጥፎበት፣ ከገዛሁበት ዋጋ እጥፍ በላይ ሲጫረት በዓይኔ አይቻለሁ፣ ፖሊሱም አጫራቹም ደግሞ ከኔ ይልቅ ወረቀቱን ነው ያመኑት። እስካሁን ሳስበው ያናድደኛል።

የምኖረው ሎስ አንጀለስ ነው፣ ፌርፋክስ ላይ ካለው ሊትል ኢትዮጵያ ብዙም አልርቅም። እዚህ ከተማ ጎረቤትህ ወይ አናጺ ሆኖ ወይ ልብስ ሰፍቶ ወይ መብራት ተሸክሞ የሆነ ፊልም ላይ ሠርቷል፣ ጡረታ ሲወጡ ጋራዣቸው ውስጥ የሚገኘው ነገር ጉድ ነው። ከዘራውን የገዛሁት ከእንደዚህ ዓይነት ሽማግሌ ነው። የ70ዎቹ የካውቦይ ፊልም ነው፣ ስሙን ሆን ብዬ አልጠራም፣ ከዚያው ፊልም የወጡ ሌሎች ዕቃዎች ሰው እጅ ላይ አሉ፣ ለአስመሳዮች ሥራ ልፈጥርላቸው አልፈልግም። 1,400 ዶላር ጥሬ ገንዘብ ሰጠሁት፣ እሱም በእጁ የጻፈውን ደብዳቤ ሰጠኝ፣ ተጨባበጥን። የሊትል ኢትዮጵያ ጓደኞቼ ዋጋውን ሲሰሙ «ለከዘራ? አዲስ አበባ ስትሄድ ደርዘን ገዝተህ አትመጣም?» ብለው ሳቁብኝ፣ ይሳቁ።

ቤት ገብቼ ፊልሙን እያቆምኩ ከዘራውን አመሳከርኩ። ይሄ ስክሪን ማች የሚባለው ነው። አንድ ቅርብ ሾት አለ፣ ተዋናዩ እጁን እጀታው ላይ ያሳርፋል፣ ከእጁ በታች ሰያፍ ስንጥቅ አለ፣ ዝቅ ብሎ የቅርንጫፍ ጉጥ፣ በጉጡ ዙሪያ የእንጨቱ መስመር ይጠማዘዛል። አንድ ዓይነት ከዘራ አሥር ሊሠሩ ይችላሉ፣ የእንጨት መስመር ግን መድገም አይቻልም። ፎቶ አነሳሁ፣ ሳጥን ውስጥ ከተትኩ፣ ሚስቴ «ቤቱ ሙዚየም አይደለም» ስላለች ራቅ ያለ ከተማ የተከራየሁት የዕቃ ማስቀመጫ ክፍል (ስቶሬጅ) ወሰድኩት። ሌቦች ቁልፉን ቆርጠው ከዘራውን ወሰዱት። የስቶሬጁ ሰዎች ውልህን አንብብ አሉኝ፣ አነበብኩ፣ ምንም አይከፍሉም። እዚህ ድረስ ያለው ቀላሉ ነው።

አሁን ወደ ፖሊሱ። እዚህ ጋ ታገሱኝ፣ ረዘም ይላል።

ስቶሬጁ ያለበት ከተማ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሰውዬ ምን ጠፋህ አለኝ፣ ከዘራ አልኩት። የሕክምና ነው? አይ፣ የፊልም። ቀና ብሎ አየኝ፣ ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሰና ምን ብሎ እንደጻፈ ታውቃላችሁ? «ከዘራ፣ ቡናማ፣ ያገለገለ፣ 60 ዶላር።» 1,400 ነው የገዛሁት ብዬ ተከራከርኩ፣ ደረሰኝ አለህ ወይ አለኝ፣ ደብዳቤ አለኝ አልኩት፣ ደብዳቤ ደረሰኝ አይደለም አለኝ። ፎቶዎቹን ከስልኬ ላሳየው ስል ስልኬን በእጁ ገፋ አደረገው። አላጋነንኩም፣ ገፋ ነው ያደረገው። 60ውን ከየት አመጣው ብትሉኝ እኔም አላውቅም፣ ምናልባት ፋርማሲ ያየው ከዘራ ትዝ ብሎት ይሆናል።

ያኔ ቁጥሩ ከንቀት ያለፈ ትርጉም ያለው አልመሰለኝም ነበር። ቤተ ክርስቲያን ከቅዳሴ በኋላ አንድ ሕግ የሚያውቅ ወንድማችን ነው የነገረኝ። ካሊፎርኒያ ውስጥ በ2014 በሕዝብ ድምፅ የጸደቀ ፕሮፖዚሽን 47 የሚባል ሕግ አለ፣ በዚህ መሠረት ዋጋው ከ950 ዶላር የማይበልጥ ስርቆት በአብዛኛው እንደ ቀላል ጥፋት ነው የሚታየው፣ የተሰረቀ ዕቃ መቀበልም እንደዚያው። ስቶሬጅ ሰብሮ መግባቱ ለብቻው ሌላ ወንጀል ነው፣ ግን ሰባሪው ማን እንደሆነ ካልታወቀ ፋይሉን የሚያገላብጠው ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቁጥሩን ነው። 60 ዶላር። ማን ይሄን ይዞ ይሮጣል? እና ሰውዬው በአንድ ቁጥር ጉዳዬን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎብኛል ማለት ነው። ይሄን ሲነግረኝ የያዝኩት ቡና ቀዘቀዘብኝ።

ከዚያ ዕቃው ራሱ ብቅ አለ። የጨረታ ሳይቶች ላይ ከዘራና ካውቦይ የሚሉ ቃላት ሲመጡ ኢሜይል እንዲደርሰኝ አድርጌ ነበር (እናንተም አድርጉ፣ ነፃ ነው)። አንድ ቀን ከሥራ እረፍት ላይ ከፈትኩት፣ ስንጥቁ ፊት ለፊቴ። ግን በሌላ ፊልም ስም! በጣም በሚታወቅ ፊልም፣ በጣም በሚታወቅ ተዋናይ ስም፣ መነሻው 3,000 ዶላር፣ ከጎኑ ወርቃማ ሆሎግራም (የሚያብረቀርቅ ተለጣፊ ማኅተም) ያለው፣ ቁጥር የተሰጠው፣ የተፈረመበት ሰርተፊኬት። የኔ ከዘራ እውነተኛ ነው፣ ሰርተፊኬቱ ውሸት ነው፣ ሁለቱ ተጋብተው ቁጭ ብለዋል። ብዙ ሰው ፎርጀሪ ሲባል የተቀዳ ዕቃ ብቻ ይመስለዋል፣ እውነተኛ ዕቃን በውሸት ታሪክ ማሳደግ ግን ይቀላል፣ ማንም ቢመረምረው ዕድሜው ልክ ነው፣ አሠራሩም ልክ ነው።

ለአጫራቹ ጻፍኩ። ትሁት መልስ መጣ፣ ዕቃው ሰርተፊኬት አለው፣ አቅራቢያችን የታመነ ነው፣ የፖሊስ ሪፖርት ካለዎት ይላኩልን። ላክኩላቸው። መልሱ፦ በሪፖርቱ ላይ ያለው መግለጫ ከዕቃችን ጋር አይገናኝም። እውነታቸውን ነው እኮ! ሪፖርቱ የሚለው የ60 ዶላር ቡናማ ከዘራ ነው። እኔ የያዝኩት የሽማግሌ የእጅ ጽሑፍ፣ ሌባው የያዘው ሆሎግራም።

ፖሊስ ጣቢያ ተመለስኩ፣ ያው ሰውዬ። ይሄ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው፣ ጠበቃ ያዝ አለኝ። ሌባ የሸጠው የኔ ዕቃ እንዴት ነው ፍትሐ ብሔር የሚሆነው ብዬ ጮህኩ፣ እሱ ግን አንድ ጥያቄ ጠየቀኝና ዝም አሰኘኝ። «የሸጠልህ ሰውዬስ ከየት አመጣው?»

እንግዲህ ይሄ ጥያቄ የዚህ ዓለም ሁሉ ቁስል ነው። ብዙዎቹ ታላላቅ ዕቃዎች ከስቱዲዮ የወጡበት መንገድ አይጠየቅም። በ1970 ኤምጂኤም የሚባለው የፊልም ስቱዲዮ ንብረቱን በጨረታ ሲያወጣ የ1939ኙ የ«ዊዛርድ ኦቭ ኦዝ» ፊልም ቀይ ጫማ በ15,000 ዶላር ተሸጠ፣ ጫማዎቹን ከመጋዘን ፈልጎ ያገኛቸው ኬንት ዋርነር የሚባል የአልባሳት ሠራተኛ ግን ሌሎች ጥንዶችንም ለራሱ አስቀርቶ ነበር፣ ዛሬ ሰው የሚፎክርባቸው ጫማዎች ታሪካቸው እዚያ ነው የሚጀምረው። የኔ ሽማግሌ ፊልሙ ሲያልቅ «ጣሉት» ተብሎ ነው የወሰድኩት ብሎ ጽፏል። አምነዋለሁ። ግን ማረጋገጫ አምጣ ብትሉኝ የለኝም፣ ኩባንያው ድሮ ፈርሷል። ለፖሊሱም ይሄንኑ ነገርኩት፣ ፊቱ ላይ የታየውን እርካታ አልረሳም።

ከጫማዎቹ ጥንዶች አንዱ ራሱ ተሰርቆ ነበር፣ እኔን ያዳነኝ ሐሳብም የመጣው ከዚያ ታሪክ ነው። በ2005 ነሐሴ ወር ሚኒሶታ ግራንድ ራፒድስ ካለው የጁዲ ጋርላንድ (የፊልሙ ተዋናይት) ሙዚየም፣ አንድ ሰብሳቢ በውሰት ሰጥቷቸው፣ ሌባ በመዶሻ በሩንም መስታወቱንም ሰብሮ ወሰደው። የሚገርመው ሌባው ቀዩ ድንጋይ እውነተኛ ሩቢ መስሎት ነበር፣ ብርጭቆ ነው ሲሉት አስወገደው። ኤፍቢአይ በ2018 ሲያገኘው እውነተኛነቱን ለማጣራት የወሰደው ወደ ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ነው፣ እዚያ ካለው ጥንድ ጋር ጎን ለጎን ሲያስቀምጡት ግራና ቀኙ ተቀያይሮ ተገኘ፣ የአንዱ ግራ ከሌላው ቀኝ ጋር ነበር የሚዛመደው። ይሄን የሚነግር ሰርተፊኬት የለም፣ ጫማው ራሱ ነው የመሰከረው። በ2024 ዲሴምበር ወር ያው ጫማ ክፍያውን ጨምሮ በ32.5 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ።

እኔም አንድ ገጽ ሠራሁ። በግራ የፊልሙ ምስል፣ መሀል ላይ ከስርቆቱ በፊት ያነሳሁት ፎቶ ቀኑ ፋይሉ ላይ እንዳለ፣ በቀኝ የጨረታው ፎቶ። ስንጥቁ፣ ጉጡ፣ መስመሩ፣ ታች ያለው የናስ ጫፍ ጉድጓድ፣ እያንዳንዱ ላይ ቀስት አደረግኩ፣ ምንም ሐተታ አልጻፍኩም። ከዚያ የሰርተፊኬቱን ኩባንያ ስም የካሊፎርኒያ ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት ድረ ገጽ ላይ ፈለግኩ፣ ነፃ ነው፣ ማንም ይችላል። ካሊፎርኒያ አድራሻ የጻፈው ኩባንያ በዚያ ስም አልተመዘገበም። አጫራቹ ይሄን ለማየት ሻይ አፍልቶ እስኪጠጣ ድረስ እንኳን ጊዜ አይፈጅበትም ነበር፣ ግን አላየውም።

ገጹን ይዤ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሰውዬ ትቼ ዲቴክቲቭ (መርማሪ ፖሊስ) ካላገናኛችሁኝ አልሄድም አልኩ። ጨዋ ሁኑ፣ በትህትና ጠይቁ ይሏችኋል፣ እኔ በትህትና ስጠይቅ ያገኘሁትን ነገርኳችሁ፣ ስለዚህ ወንበር ይዛችሁ ቁጭ በሉ። አንዲት ዲቴክቲቭ ወጣች፣ ገጹን አየች፣ «ይሄ እኮ ያው ነው» አለች። በቃ። ሱፕሊመንታል (ተጨማሪ) ሪፖርት ተጻፈ፣ ዋጋው 1,400 ተባለ፣ የሽማግሌው ደብዳቤም ተያያዘ። ዕቃው ከጨረታው ወረደ። አቅራቢው የታመነ የተባለው ሰውዬ ከነወረቀቱ ከቁንጫ ገበያ ነው የገዛሁት አለ፣ እውነቱን ይሆናል፣ አይሆንም፣ እዚህ አገር ሌባ ባለቤትነት ማስተላለፍ ስለማይችል በቅን ልቦና የገዛም ቢሆን ይመልሳል። የታሰረ ሰው የለም።

ከዚህ ወዲህ የማደርገውን ልንገራችሁ። ስትገዙ ለሻጩ በቼክ ወይ በባንክ ክፈሉ፣ ጥሬ ገንዘብ ወንድማማችነት ነው የሚሉትን አትስሙ። ፔይፓል (የኢንተርኔት መክፈያ) ላይ «ቅናሽ አደርግልሃለሁ፣ ፍሬንድስ ኤንድ ፋሚሊ (ለጓደኛና ለቤተሰብ) አድርገህ ላክ» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ጥላችሁት ሂዱ፣ በዚያ መንገድ የተላከ ብር የገዢ ጥበቃ የለውም። የድሮ ልብስ ነው ከተባላችሁ ጨለማ ክፍል ገብታችሁ የአልትራቫዮሌት ባትሪ አብሩበት፣ የ30ዎቹ ቀሚስ ክሩ ነጭ ሰማያዊ ሆኖ ከበራ ወይ ክሩ በኋላ የመጣ ነው ወይ በዘመናዊ ሳሙና ታጥቧል፣ ያኔ ክርን የሚያበራው ኬሚካል ገበያ ላይ አልነበረም። ልብሱ ውስጥ ያለው የተዋናይ ስም የተጻፈበት ጨርቅም ከሌላ ልብስ ተፈትቶ ሊሰፋ ስለሚችል የስፌቱን ቀዳዳዎች ቁጠሩ፣ ድርብ ቀዳዳ ካለ ተዉት። ጎማና ሬዚን የሆነ ነገር ከሆነ ለኩት፣ ከዋናው ላይ ሻጋታ ወስደው የቀዱት ብዙ ጊዜ ትንሽ ያንሳል፣ ሲደርቅ ይሸመቀቃል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ነጋዴ ሰርተፊኬት እንዲሰጥ ሕግ ያስገድደዋል የሚሏችሁም አሉ፣ ያ ሕግ የሚያወራው ስለተፈረመ ዕቃ ነው፣ ፊርማ ለሌለው ከዘራ ምንም አይልም።

ፖሊስ ጋ ስትሄዱ ደግሞ ዋጋውን ራሳችሁ ጽፋችሁ ሂዱ፣ ሪፖርቱ ሳይዘጋ አንብቡልኝ በሉ፣ ቁጥሩ ካልተስተካከለ ከዚያ አትነሱ።

ከዘራው ሲመለስልኝ ሰርተፊኬቱ አብሮት ሳጥኑ ውስጥ ነበር። ዲቴክቲቯ ኮፒ ወስዳለች፣ ዋናውን አልፈለገችውም። መቅደድ አማረኝ፣ ግን ፎቶው ኢንተርኔት ላይ ስላለ ነገ አንዱ እንደገና ያትመዋል። በቀይ ማርከር በአማርኛም በእንግሊዝኛም «ሐሰት» ብዬ ጻፍኩበት፣ ሆሎግራሙን በምላጭ አነሳሁ፣ ከሪፖርቱ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ አስገባሁት፣ ለትልቋ ልጄም ፎልደሩ የት እንዳለ አሳየኋት። እሷ ደግሞ ወርቃማውን ሆሎግራም ላፕቶፔ ላይ ልለጥፈው አለችኝ፣ ሰጠኋት።